ጂል አትበላም

የልጅ ልጄ ፍሬያ ደውላ «አያቴ፣ ፑዲንግ ምግብ መብላት አቆመች» ስትለኝ፣ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ማነው የመታት?» የሚል ነበር።

ሳቀችብኝ። «ማን ይመታታል አያቴ! ፌሬት እኮ ናት!»

ፌሬት መሆኗን መች አጣሁት። ፑዲንግ ሙጭልጭላ የምትመስል፣ ከድመት የምታንስ፣ ከእባብ ብዙም የማትወፍር፣ ሰው አልጋ ላይ የምትተኛ፣ ስሟ የተጠለፈበት ብርድ ልብስ ያላት ፌሬት ናት። እኔ ባደግሁበት የከሰል ቆፋሪዎች መንደር ፌሬት እንዲህ ተሞላቅቃ አታውቅም። ሠራተኛ ነበረች። ጥንቸል ጉድጓድ ትገባለች፣ ጥንቸሏ በርግጋ በሌላው በኩል ስትወጣ የአባቶቻችን መረብ ውስጥ ትወድቃለች፣ እሑድ ድስት ይጣዳል። ስም የሚያወጣላት አልነበረም። ወንዱ ሆብ ነው፤ ሴቷ ጂል ናት፤ አለቀ። «ጂሏ» ብሎ ምላሱን የሚያደክም እንኳ የለም። «ጂል በላች?» «ጂል ወለደች?» ነው የሚባለው፣ ልክ እንደ ሰው ስም።

«ምራቋ ይንጠባጠባል?» አልኳት ፍሬያን።

«አዎ። በእጇም አፏን ትፍቃለች።»

«እንግዲያው ላንቃዋን እዪ። የሆነ ነገር ተሰንቅሮባት ይሆናል።»

«ትነክሰኛለች!»

«በፎጣ ጠቅልያት። ካለም ይያዝልሽ።»

ካለም አብሯት የሚኖረው ልጅ ነው። ጨዋ ይመስላል። መቼም ሰው ፊት ጨዋ የማይመስል የለም። እጁ ትልቅ ነው፣ እሱን አይቻለሁ። ስልኩን ዘግቼ፣ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ መስኮቱ ሥር ተቀመጥሁ። ሴት ልጆቼ «እማዬ ያለ ነገር ትጨነቂያለሽ» ይሉኛል። ይበሉ። እኔ መጨነቅ የጀመርሁት እነሱ ሳይወለዱ ነው።

ንጉሡ ሞተው ልጃቸው ንግሥት በሆኑበት ዓመት፣ ብርዱ ለቀቅ ሲል ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር። የዚያን ዓመት ጂላችን ነጭ ነበረች፣ ዓይኗ ቀይ። እሷን ማብላት የእኔ ሥራ ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ሚስተር ታክሬይ ሆቡን በከረጢት ይዞልን መጣ፣ ከጂል ጋር ሊያገናኘው። ሚስተር ታክሬይን እወደው ነበር። ከኪሱ ከረሜላ አይጠፋም፤ እሑድ በጸሎት ቤት ሲዘምር ድምፁ መስኮቱን ያንቀጠቅጣል። ሚስቱን ግን እታዘባት ነበር። ገና ልጅ እግር ሴት ሆና እንደሷ ያለች ቀልቃላ አይቼ አላውቅም። ዛሬ ከበር ጋር ትጋጫለች፣ ነገ ከቁም ሣጥን ጋር። አንድ ጊዜ ዓይኗ አብጦ አግኝቻት፣ «ሚስስ ታክሬይ፣ ለምን እያዩ አይሄዱም?» ብያታለሁ። «እውነትሽን ነው የኔ ቆንጆ፣ እያዩ መሄድ ነው እንጂ» አለችኝ።

አባዬ የጂልን ሣጥን ክዳን አነሳ፣ ሚስተር ታክሬይ ከረጢቱን ገለበጠው። ሆቡ የጂልን እጥፍ ያህላል። አላሸተታትም፣ አልዞራትም፤ ዘሎ ማጅራቷን ነክሶ ያዘ። ጂል ድምፅ እንዳላት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ቢላዋ ሳህን ሲፍቅ የሚወጣው ዓይነት ድምፅ። ከጥግ እስከ ጥግ ጎተታት። ከሣጥኑ ግድግዳ ጋር አላተማት፣ መልሶ አላተማት። ጭዱ ላይ ደም አየሁ፤ ነጩ ጸጉሯ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል።

«አባዬ ይገድላታል! አስለቅቀው!» ሱሪውን ይዤ ጎተትሁ።

«ተያቸው ዶሪን። እንዲህ ነው አኳኋናቸው።»

«በጩኸቷ አትታለዪ፣» አለኝ ሚስተር ታክሬይ ሲጋራውን እየለኮሰ። «ወዳ ነው። በደንብ ካልተያዘች ደግሞ አደብ አትገዛም። አይደል እንዴ ዊልፍ?»

አባዬ አልሳቀም። አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያይ ነበር። ክሩ የተፈታ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አየሁለት። አልተፈታም።

የእኛ ረድፍ ቤቶች ጎን ለጎን የተጣበቁ ናቸው። የእኛና የታክሬይ ምድጃ ጀርባ ለጀርባ አንድ ግድግዳ ይጋራል። ሴቶቹ ሲፈላለጉ በር አያንኳኩም፤ የእሳት መቆስቆሻውን አንስተው የምድጃውን ጀርባ ይመታሉ፣ ከወዲያ በኩል ይመለስላቸዋል። ሻይ መጣዱም፣ ምጥ መምጣቱም በዚያው ነው የሚነገረው።

በዚያ ሰሞን እኛ ራት ስንበላ ከግድግዳው ወዲያ ድም ይላል። ቀጥሎ የሚሰበር ነገር። ቀጥሎ ድም፣ ድም።

«ምንድነው እማዬ?»

«ዕቃ እያዘዋወሩ ነው። ብዪ።»

«ትናንትም አዘዋውረዋል እኮ።»

«አቀማመጡ አልጥም ብሏቸው ይሆናላ! ብዪ አልኩሽ!»

ድምፁ ሲያበቃ እማዬ ትነሳና መቆስቆሻውን ታነሳለች። ኳ፣ ኳ። ትጠብቃለች። ከወዲያ በኩል ኳ ሲል ወደ ድንቿ ትመለሳለች። ለእኔ ጨዋታ ነበር። እማዬ በሌለችበት አንድ ቀን እኔም መትቼ ተመልሶልኛል፤ ደስታዬ አይጣል ነው። አሁን የዚያ ብረት ቅዝቃዜ መዳፌ ላይ ይመጣብኛል። እማዬ በዚያ ግድግዳ የምትጠይቃት «አለሽ?» ብላ ነበር። ሌላ ምንም አይደለም። «በሕይወት አለሽ?»

አንድ ቀን መልሱ ዘገየ። የድንቹ ውኃ ገንፍሎ እሳቱ ላይ ሲንጫጫ እማዬ መቆስቆሻውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። አባዬ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ቆይቶ ቆይቶ ኳ አለ። ቀስ ብሎ ነው። እንደ ወትሮው ከምድጃው ከፍታ ሳይሆን ከታች፣ ከወለሉ አጠገብ።

«ዛሬ ደግሞ መሬት ተቀምጠው ነው የሚጫወቱት» አልሁ።

በማግስቱ ጂል መብላት አቆመች።

የጥንቸል ጭንቅላት ሰጠኋት፣ አሽትታ ፊቷን አዞረች። ዳቦ በወተት አርሼ ሰጠኋት፣ ወተቱ ግግር ሠርቶ ዋለ። ጥግ ይዛ ተጠቅልላ በፊት እግሮቿ አፏን ትፍቃለች፤ ምራቋ ደረቷን አርሶት ጸጉሯ ተጣብቋል። በጣቴ ከንፈሯን ልነካ ስል በጥርሷ ሳይሆን በድምፅ ገሠጸችኝ፤ ቀጭን፣ የተበደለ ድምፅ።

«አባዬ፣ ጂል አትበላም።»

«ይለፍላታል» አለኝ፣ ጋዜጣውን ዘቅዝቆ እንደያዘ።

ልቤ አላርፍ ብሎ ወደ ጓሮና ወደ ቤት ስመላለስ ነው የወጥ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ያገኘሁት። እማዬ፣ አባዬና እማማ ኦልድሮይድ ውስጥ ናቸው። እማማ ኦልድሮይድ በረድፉ ጫፍ የምትኖር፣ በመንደራችን ሕፃን የምታዋልድ፣ ሬሳም የምታጥብ፣ ክንዷ እንደ ቆፋሪ ክንድ የፈረጠመ ሴት ናት።

«ጂል ምንም አትበላም፣» ትላለች እማዬ። «መንጋጋዋ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ፈሳሽ ብቻ ነው የሚወርድላት።»

ጆሮዬን ከበሩ ጋር አጣበቅሁ።

«እሱ ነው?» አለ አባዬ።

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው! ማጅራቷን ይዞ ወለሉ ላይ ጎትቷታል። ለሐኪሙ ደግሞ ከደረጃ ወደቅሁ ብላለች።»

ፌሬት ለሐኪም መናገሯ አላስደነቀኝም። አባዬ ከጂል ጋር ሲያወራ፣ ሲመለስም «ጂል እንዲህ አለችኝ» ሲል ነው ያደግሁት።

«እኔ ልንገራችሁ፣» አለች እማማ ኦልድሮይድ። «ዛሬ ነገ ስንል ቀጥሎ የማጥበው ሬሳ የሷ ነው። ከሱ መለየት አለባት። ቅዳሜ ወንዶቹ ኳስ ሊያዩ ሲሄዱ እናወጣታለን። እዚህ እናንተ ማጠቢያ ቤት ትቆያለች፣ ከዚያ በከሰዓቱ አውቶቡስ።»

«በባልና በሚስት መካከል መግባት…»

«ዊልፍ!» አለች እማዬ።

«እሺ፣ እሺ። ግን ጂልን ሊፈልግ መጀመሪያ የሚመጣው እዚህ ነው። ያውቅሻላ።»

ከበሩ ራቅሁ። ኮርቼ ነበር። ለአንዲት ፌሬት ሦስት ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ተጨነቁ! እማማ ኦልድሮይድ ሬሳዋን ልታጥብ! ያ ሆብ መንጋጋዋን ሰብሮታል፤ ሚስተር ታክሬይ ደግሞ መልሶ ሊያመጣው ነው። ሚስስ ታክሬይ የምትባለው ሴት የራሷ ስም እንዳላት አስቤም አላውቅም። በእኛ ጊዜ ልጅ የትልቅ ሰው ስም ምን ያደርግለታል?

ዓርብ ዕለት እማዬ ከራሽን የደረሰንን እንቁላል ወተት ውስጥ መታችና በሰማያዊው ጎድጓዳ ሳህን አድርጋ አስቀመጠችው። «ይሄ የጂል ነው፤ ማንም እንዳይነካው» አለች። እኔም አልነካሁትም። ለራሷ ለጂል ወሰድሁላት እንጂ።

«እንቁላሉ የት ገባ?» አለች ስትመለስ።

«ለጂል ሰጠኋት። ግማሹን ጠጣችው፣ መንጋጋዋን እያመማት።»

እማዬ ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች። «ስለ ጂል ማን ነገረሽ?»

«ስታወሩ ሰምቼ።»

«እና ገብተሽ… ብቻሽን? እሱ አልነበረም?»

«አልነበረም። ብቻዋን ናት፣ ጥግ ይዛ።»

ግንባሬን ሳመችኝ። ወዲያው ሁለት ጆሮዎቼን ይዛ ፊቴን ወደ ፊቷ አስጠጋች። «ስሚኝ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። ለሚስተር ታክሬይማ ጨርሶ! ጂል የት ናት ቢልሽ፣ አላየኋትም። እማዬ ትሙት በዪ።»

«እማዬ ትሙት!»

ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ይዘንብ ነበር። አባዬ ሚስተር ታክሬይን ይዞት ኳስ ሊያይ ሄደ። እማዬ አውቶቡሱን ልትጠባበቅ ማዕዘኑ ላይ ወጣች። እኔ ማንም አልጠራኝም፤ ግን ዕቅዱን አውቃለሁ። ጂልን ከሣጥኗ አውጥቼ ሹራቤ ውስጥ ከተትኋትና እስከ አንገቴ ቆለፍሁ። የተረፈውን እንቁላል በጎድጓዳ ሳህኑ ይዤ ግቢያችን ውስጥ ወዳለው ማጠቢያ ቤት ገባሁ።

ሚስስ ታክሬይ ኮቷንና ባርኔጣዋን አድርጋ፣ ከልብስ መቀቀያው ጋን አጠገብ በተደፋ ገንዳ ላይ ተቀምጣለች። እግሯ ሥር ሻንጣ አለ። ፊቷ ግን የሷ አልነበረም። ግራ ጉንጯ ጠቁሮና ቢጫ ሆኖ ወደ ጆሮዋ ሸሽቷል፣ ከንፈሯ ሳይገጥም ቀርቷል፣ ጥርሶቿ የላይኛው ከታችኛው ጋር በቀጭን ሽቦ ተሰፍተዋል።

«ሚስስ ታክሬይ! ደግሞ በር ነው?»

«አይ፣» አለች በጥርሷ መሃል። «አሁንስ በር አይደለም።»

«እርስዎም አውቶቡስ እየጠበቁ ነው? ጂልም ትሄዳለች።»

ብድግ አለች። «ምን አልሽ?»

ቁልፌን ፈትቼ የጂልን ነጭ ጭንቅላት አሳየኋት። «ጂል! ባሏ መንጋጋዋን ሰብሮባት። ማጅራቷን ይዞ ጎተታት፣ በዓይኔ አይቻለሁ። አባዬ እንዲህ ነው አኳኋናቸው ይላል፤ እማዬ ግን ልታስመልጣት ነው። የማትበላው ጠግባ አይደለም፣ ስለማትችል ነው።»

ሚስስ ታክሬይ ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ ከአፍንጫዋ የሆነ ድምፅ ወጣ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ፣ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ ትስቃለች። «አታስቂኝ፣ ልጄ፣ ያመኛል። አታስቂኝ… እስቲ ስጪኝ።»

ጂልን በአንገት ልብሷ ጠቀለለቻት። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ የመንጋጋዋን መጋጠሚያ ጫን ስትል የጂል አፍ ተከፈተ። የራሷን መክፈት የማትችለው ሴት የሷን ከፈተችላት።

«መንጋጋዋ አልተሰበረም፣» አለች። «የተሰበረ መንጋጋ አውቃለሁ።»

ትልቅ ሰው ሲሳሳት ዝም ማለት ጨዋነት ነው ተብያለሁና ዝም አልሁ። ከባርኔጣዋ ሥር የጸጉር ሽቦዋን መዝዛ ወደ ጂል ላንቃ አስገባች፣ አንድ ጊዜ ጠምዘዝ አድርጋ ሳበችው። ቀጭን የጥንቸል አጥንት ነው፤ ከጥርስ እስከ ጥርስ ተጋድሞ ሥጋዋን ሰርስሮት ኖሯል። እኔ ግን እጄ ላይ ስታስቀምጠው የተሰበረው መንጋጋዋ እሱ ነው ብዬ ነው የተቀበልኋት።

ጂል አስነጠሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ሳህኑ ውስጥ ነክራ እየተንጫጫች እንቁላሉን እስከ ታች ላሰችው። ሚስስ ታክሬይ ስትበላ ታያት ነበር። አንድ ሰው ሌላ ሲበላ እንዲያ ሲያይ ከዚያ ወዲህም አላየሁም።

«ጂል!»

ድምፁ የመጣው ከግቢው ነው። የሚስተር ታክሬይ ነው፣ ግን የዝማሬ ድምፁ አልነበረም። ሜዳው ላይ ውኃ ተኝቶ ጨዋታው ተሰርዟል፤ አባዬ መጠጥ ቤት ሊያስቀምጠው ሞክሮ በጓሮ በር ወጥቶበታል። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው።

«ጂል! የት ነው የገባሽው አንቺ!»

ሚስስ ታክሬይ ከጋኑ ጀርባ ተሸጎጠች። ከጉንጯ ላይ ጥቁሩ ብቻ ቀረ፣ ሌላው ሁሉ ነጣ። እኔ የገባኝ ሆቡን ይዞ መምጣቱ ነው። ጂልን አንስቼ ሹራቤ ውስጥ ከተትኋት፣ ቆለፍሁ። «አይዞዎት፣ አልነግረውም» አልኋት። ወጥቼ በሩን ዘጋሁና በጀርባዬ ተደገፍሁት።

«ጂል የት ናት?» አለ። ዝናቡ ከባርኔጣው ጫፍ ይወርዳል።

«አላየኋትም።»

«አንቺ ጩጬ፣ ዓይን ዓይኔን እያየሽ ትዋሻለሽ? ቤቱ ባዶ ነው! የት ናት?»

«እማዬ ትሙት አላየኋትም!» ጂል ሆዴ ላይ ተገላበጠች፣ በሁለት እጄ ያዝኋት። አየው።

«ምንድነው የደበቅሽው?»

«አይንኳት! መንጋጋዋን ሰብረው ደግሞ ምን ቀረዎት?»

ፊቱ ላይ የነበረው ሁሉ ጠፋ። «ማነው ያለሽ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ሁሉም ያውቃል!»

ማጅራቴን ያዘኝ። ሆቡ ጂልን የያዘበትን ቦታ። ጫማዬ መሬት ለቀቀ። ናጠኝና ጭንቅላቴን ከማጠቢያ ቤቱ በር ጋር አላተመው፤ ድም አለ። መልሶ አላተመው፤ ድም። ከሕመሙ በፊት ድምፁ ደረሰኝ። አወቅሁት። ዕቃ የሚያዘዋውሩበት ድምፅ ነው።

በሌላ እጁ ሹራቤን ቀደደና መዳፉን አስገባ። ጂል በአውራ ጣቱና በመዳፉ መካከል ያለውን ሥጋ ነክሳ ዘጋች።

ለቀቀኝ። እንደ አሳማ ጮኸ። እጁን ሲያነሳ ጂል እንደ ነጭ ጨርቅ ተንጠልጥላ አብራ ተነሳች። አራገፋት፣ አልለቀቀችም። በጡቡ ግድግዳ ላይ አጋጫት፤ አልለቀቀችም። ደግሞ አጋጫት። የማን ደም እንደሆነ አላውቅም፣ ፊቴ ላይ ሞቅ ብሎ አረፈ። «ጂልን አይግደሏት!» እያልሁ እግሩን ነከስሁት። በሌላው እግሩ ሲመታኝ ኩሬው ውስጥ ተዘረጋሁ።

ያን ጊዜ ከበሩ ጀርባ ኳ አለ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ሚስስ ታክሬይ የጋኑን እሳት መቆስቆሻ አንስታ ግድግዳውን ትደበድባለች። ዝም ብትል ኖሮ እዚያ መሆኗን አያውቅም ነበር። እሱ እኔን ሲደበድብ ዝም ብላ ቆይታ መውጣት ትችል ነበር፤ ሻንጣዋ በእጇ ነው፣ አውቶቡሱ እየመጣ ነው። እሷ ግን መታች። ከጎን ያለው ቤት ተቀብሎ መታ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም፣ እስከ ረድፉ ጫፍ ኳኳታው ሮጠ። በሮች ተከፈቱ። ሴቶቹ በሽርጣቸው፣ ጸጉራቸውን እንደጠቀለሉ፣ የያዙትን እንደያዙ በዝናቡ ወጡ።

ከፊት እማማ ኦልድሮይድ ናት። «ክሊፍ ታክሬይ! ከልጂቷ ራቅ!»

«የቤቴ ጉዳይ ነው! ማንም አያገባውም!»

«የቤትህን ጉዳይ በግድግዳ ስንሰማው ኖርን እኮ፣ የኔ ጌታ» አለችና መቆስቆሻዋን ጉልበቱ ላይ አሳረፈችው። እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ። ወደቀ። ሌሎቹም ደረሱ። የመጥረጊያ እጀታ፣ የብረት መጥበሻ፣ የከሰል አካፋ። ሴቶቹ አይጮኹም፣ አይሳደቡም፤ ምንጣፍ እንደሚያራግፉ ዝም ብለው ይመቱ ነበር። ያ ዝምታቸው ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራኝ፤ አሁንም ሳስበው ያስፈራኛል።

የማጠቢያ ቤቱ በር ተከፈተ። ሴቶቹ ቆሙ። ሚስተር ታክሬይ ከጭቃው ላይ ቀና ብሎ፣ በዚያ በሚያምረው በጸሎት ቤት ድምፁ፣ «ጂል፣ የኔ ፍቅር፣ ጂልዬ…» አለ። እጁ ላይ የተንጠለጠለችውን ፌሬት የሚያባብል መስሎኝ ነበር።

ሚስስ ታክሬይ እግሮቹን ተራምዳ አለፈች። እኔ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ በማይገጥመው ከንፈሯ ጭቃ የተቀባ ግንባሬን ነካችኝ። ማዕዘኑ ላይ እማዬ እጇን ታወዛውዛለች። አውቶቡሱ መጥቷል።

አባዬ እያለከለከ ሲደርስ ጂል ሞታ ነበር። ጥርሷ ግን አሁንም አልተከፈተም፤ በማንኪያ እጀታ ፈልቅቆ ነው ያላቀቃት። መዳፉ ላይ አስተኝቷት ዝናቡ ውስጥ ቁጢጥ አለ።

«አባዬ፣» አልሁት እየተንሰቀሰቅሁ፣ «መንጋጋዋ እኮ ድኖላት ነበር።»

እኔን አየ። ጂልን አየ። ተሯሩጣ የተመለሰችውን እማዬን አየ። «ዶሪን… የቷ ጂል?»

«ስንት ጂል አለን?»

አባዬ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋው። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም።

ፖሊሱ መጥቶ ሚስተር ታክሬይን ምን እንዳገኘው ሲጠይቅ፣ ሴቶቹ በየበራቸው ቆመው አንድ ዓይነት መልስ ሰጡት፦ ከደረጃ ወደቀ። ሚስተር ታክሬይ ለወራት አነከሰ፤ አውራ ጣቱም ዳግመኛ አልታጠፈም። እሑድ እሑድ ግን መዘመሩን አላቆመም፤ ማንም ዝም በል ያለው የለም። ይህን ለመናገር ያሳፍረኛል፣ ግን እንዲያ ነበር።

እኔ ደግሞ ነገሩ የገባኝ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ጸሎት ቤቱ ባሕር ዳርቻ በወሰደን በጋ ነው። ከእማዬ ጋር እየሄድን ሳለ ድንገት እጄን ለቀቀችና «ጂል!» ብላ ጮኸች። እኔ መሬት መሬቱን ነው ያየሁት። ነጭ ፌሬት ፈለግሁ።

በነፋሱ ውስጥ አንዲት ሴት እየሮጠች ትመጣለች። መንጋጋዋ ወደ ግራ ትንሽ ዘመም ብሏል። በጋዜጣ የተጠቀለለ የተጠበሰ ዓሣ በእጇ ይዛለች፤ እማዬን ስታቅፍም አልጣለችውም። ጉንጯ ሞልቷል፣ ከንፈሯ በቅባት ያብለጨልጫል። ልታናግረኝ ፈልጋ አልቻለችም፤ መጀመሪያ መዋጥ ነበረባት።

ጂል ትበላ ነበር።

ፍሬያ ሻዬን ሳልጠጣው መልሳ ደወለች። «አያቴ! የላስቲክ ቁራጭ ነው! ላንቃዋ ላይ ተጣብቆ! አወጣሁት፣ አሁን ሳህኗን ልትበላው ነው!»

«ተመስገን።»

«ካለምን ግን ነከሰችው። በደንብ አድርጋ! ፎጣው ሁሉ ደም ሆነ።»

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝሁ። «ነከሰችው? ታዲያ ምን አደረጋት?»

«ምን ያደርጋታል?»

«ፍሬያ፣ ንገሪኝ። ስትነክሰው ምን አደረጋት?»

«ምንም አያቴ። ቁጭ አለና እስክትለቀው ጠበቃት። እንባው እየወረደ 'አይዞሽ፣ አይዞሽ' ይላታል፣ ጅሉ!» ብላ ሳቀች። አፏን ሞልታ ነው የሳቀችው፤ በስልክም ቢሆን ይታወቃል።

ሻዬን መልሼ አሞቅሁት። ቅዳሜ ግን እሄዳለሁ። እጁን በዓይኔ ማየት አለብኝ።